«ልጁ የኛ ተማሪ አይደለም» አሉኝ

ጥያቄ፦

«ጤና ይስጥልኝ እትዬ። የምንኖረው ፕሪንስ ጆርጅስ ካውንቲ፣ ሜሪላንድ ነው። ወንዱ ልጄ 8 ዓመቱ ነው፣ ሦስተኛ ክፍል። የሚማረው ግን ሲልቨር ስፕሪንግ፣ በቤተ ክርስቲያን የሚተዳደር አንድ የግል ትምህርት ቤት ነው። ከፍለን ነው የምናስተምረው። ልጁ ማንበብ አቃተው። ሂሳብ ላይ ጎበዝ ነው፣ ወሬውም አይጠገብም። መጽሐፍ ሲገለጥ ግን ሆዴን አመመኝ ይላል። አስተማሪዋ መጀመሪያ ‹ቤት ውስጥ አማርኛ ስለምታወሩ ነው› አለችኝ። ቆይታ ደግሞ ‹ቢመዘን ጥሩ ነው› አለች። የግል ሳይኮሎጂስት ጋ ስደውል የነገሩኝ ዋጋ ከሁለት ወር የቤት ኪራያችን ይበልጣል። ሰፈራችን ያለው የመንግሥት ትምህርት ቤት ሄጄ ብጠይቅ ጸሐፊዋ ‹ልጁ የኛ ተማሪ አይደለም› ብላ መለሰችኝ። ባለቤቴ በበኩሉ ‹ልጄን በሽተኛ ብለው ሊጽፉት ነው፤ ተይው፣ ሲያድግ ይተወዋል› ይላል። ለግል ትምህርት ቤት የምንከፍል ሰዎች ይሄን ነገር የመጠየቅ መብት አለን? ካለንስ ከየት ልጀምር?»

እናት፣ ከሜሪላንድ

መልስ፦

እህቴ፣ «እትዬ» ስትዪኝ ደስም አለኝ፣ እድሜዬንም አስታወስሽኝ። እንግዲያው እኔም በ«አንቺ» ላውራሽ።

መልሱን አላጓትትብሽም። መብት አለሽ። ልጅሽ የግል ትምህርት ቤት ቢማርም በመንግሥት ወጪ ይመዘናል። ከኪስሽ አምስት ሳንቲም አይወጣም። የተሳሳተው ያንኳኳሽው በር ነው። እሱም ያንቺ ጥፋት አይደለም፤ እዚህ አገር ሃያ ዓመት የኖረ ሰውም ይሳሳተዋል።

ነገሩ እንዲህ ነው። የልዩ ፍላጎት ትምህርትን የሚገዛ አንድ የፌዴራል ሕግ አለ፤ በአጭሩ «አይዲያ» ይሉታል። መነሻው በ1975 እ.ኤ.አ. የወጣ ሕግ ነው። በዚህ ሕግ ካውንቲዎች ካለባቸው ግዴታ አንዱ «ቻይልድ ፋይንድ» ይባላል። ልጁን ፈልጎ ማግኘት ማለት ነው። ካውንቲው እጁን አጣጥፎ ወላጅ እስኪመጣ መቀመጥ አይችልም። ችግር ይኖርባቸው ይሆናል የሚባሉ ልጆችን ፈልጎ፣ ለይቶ፣ መዝኖ ማወቅ አለበት። የግል ትምህርት ቤት ያሉትን ጭምር። የሃይማኖት ትምህርት ቤት ያሉትንም ጭምር። ሂደቱም ጊዜውም ለመንግሥት ትምህርት ቤት ልጆች ከሚደረገው ጋር ተመጣጣኝ መሆን አለበት። «ለግል ተማሪዎች የተመደበው በጀት አልቋል» የሚል ሰው ቢገጥምሽ እንዳትሸወጂ። የምዘና ወጪ ከዚያ በጀት ላይ አይቆረጥም፤ ሕጉ ለይቶ አስቀምጦታል።

አሁን ወደ በሩ እንምጣ። የምትኖሩት ፕሪንስ ጆርጅስ ነው፣ ልጁ የሚማርበት ሲልቨር ስፕሪንግ ግን ሞንጎመሪ ካውንቲ ውስጥ ነው። ምዘናውን የማድረግ ኃላፊነት ያለበት ትምህርት ቤቱ የሚገኝበት ካውንቲ ነው። የምታድሩበት ሳይሆን ልጁ የሚውልበት ማለት ነው። ይሄ የመጣው ሕጉ በ2004 ሲሻሻል ነው። ከዚያ በፊት አሠራሩ ሌላ ስለነበር አንዳንድ ሰው፣ ቢሮ ውስጥ ያለውም ሳይቀር፣ እስከዛሬ የድሮውን ነው የሚያወራው። እና ያቺ ጸሐፊ ግማሽ እውነት ነው የነገረችሽ። «የኛ አይደለም» አለችሽ፤ «የነሱ ነው፣ እዚያ ሂጂ» የሚለውን ግን ዋጠችው። ስንቱ እናት እዚህ ላይ ተስፋ ቆርጦ እንደሚመለስ ብነግርሽ።

የራስሽን ካውንቲም አብረሽ መጠየቅ ሕጉ አይከለክልሽም። እኔ ግን አልመክርም። ሁለት ቢሮ ልጁን ሁለት ጊዜ ቢፈትነው የሚደክመው ልጁ ነው። አንዱ በር ይበቃል።

ሞንጎመሪ ካውንቲ ትምህርት ቤቶች ደውዪና «የግል ትምህርት ቤት ተማሪዎችን የልዩ ትምህርት ምዘና የሚመለከተው የትኛው ክፍል ነው? ኢሜይላቸውስ?» በይ። ከዚያ ስልኩን ዝጊና ጻፊ። ለምን መጻፍ አስፈለገ ብትዪ፣ በአፍ የተባለ ነገር ቀን አይቆጠርለትም። ስትደውዪ ያነሳችው ሴትዮ መልካም ሰው ልትሆን ትችላለች፤ በሚቀጥለው ሳምንት ግን ፈቃድ ትወጣለች፣ ያልሽውም አብሯት ይወጣል። ኢሜይል ግን ቀኑን ይዞ ይቀመጣል።

እንግሊዝኛው እንዲያምር አትጨነቂ። የልጁ ስምና የልደት ቀን፣ የሚማርበት ትምህርት ቤትና ክፍል ይኑርበት። ከዚያ አንድ ግልጽ ዓረፍተ ነገር፦ «ልጄ ለልዩ ትምህርት አገልግሎት ብቁ መሆን አለመሆኑን ለማወቅ ሙሉ ምዘና እንዲደረግለት እጠይቃለሁ።» «ኢቫሉዌሽን» የሚለው ቃል አይጥፋ። «እርዱኝ» ብቻ ብለሽ ከጻፍሽ «አይዞሽ፣ አንዳንዱ ልጅ ቀስ ብሎ ነው የሚያነበው» የሚል መልስ መጥቶ እዚያው ይቀራል። የሚያሳስብሽን ስትጽፊ ደግሞ «ደካማ ነው» አትበይ። ያየሽውን ጻፊ። «አንድ ገጽ ለማንበብ ሃያ ደቂቃ ይፈጅበታል፣ ትናንት የለየውን ቃል ዛሬ አያውቀውም፣ መጽሐፍ ሲወጣ ሆዴን አመመኝ ይላል» በይ። የሆዱን ነገር በደብዳቤሽ ላይ ሳነብ ልቤ ነው የተነካው። ልጁ ሰነፍ ቢሆን ኖሮ ጨዋታ ያምረው ነበር እንጂ ሆዱን አያመውም።

እዚያው ኢሜይል ላይ አማርኛ አስተርጓሚ እንደምትፈልጊ ጻፊ። «እንግሊዝኛ እችላለሁ» እንዳትዪኝ። ለሥራና ለገበያ ትችያለሽ፣ እኔም እችላለሁ። ስለ ልጅሽ አእምሮ አራት ባለሙያ ተራ በተራ ሲያወራ ግን ሌላ ነገር ነው። አስተርጓሚው በነፃ ነው፤ የኔም ሥራ ይሄው ነው። ሞንጎመሪ ካውንቲ ለወላጆች የሚያወጣቸውን ብዙ ወረቀቶችም በአማርኛ ያወጣልና የመብት መግለጫውን በአማርኛ አላችሁ ወይ ብለሽ ጠይቂ። ትልቋን ልጅሽን ወይ የእህትሽን ልጅ ይዘሽ ሄደሽ እንዳታስተረጉሚ ብቻ። ታናሽ ወንድሟ ምን እንደጎደለው ለእናቷ የምታስረዳ ልጅ አይቻለሁ። ፊቷን አልረሳውም።

ከዚያ ይጠሩሻል። የመጀመሪያው ስብሰባ ምዘና አይደለም። ያለውን ወረቀት አገላብጠው መመዘን ያስፈልጋል አያስፈልግም የሚሉበት ነው። ስለዚህ ባዶ እጅሽን አትሂጂ። የሪፖርት ካርዱን፣ አስተማሪዋ «ቢመዘን ጥሩ ነው» ያለችበትን ኢሜይል (በቃል ብቻ ብላሽ ከሆነ በጽሑፍ እንድትልክልሽ ለምኚያት)፣ የዓይንና የጆሮ ምርመራ ውጤቱን፣ ደግሞ ደብተሩን ያዢ። ደብተሩን አደራ። አንድ እናት በፌስታል ሦስት ደብተር ይዛ መጥታ ጠረጴዛው ላይ ስትዘረግፍ ስብሰባው መልኩን ሲቀይር በዓይኔ አይቻለሁ። ያ ሁሉ ማስረጃ ሳይነገር ተነገረ።

መመዘን ያስፈልጋል ካሉ የስምምነት ወረቀት ይሰጡሻል። ያለ ፊርማሽ አይነኩትም። ሜሪላንድ ውስጥ ሁለት ቀነ ገደብ አለ። የጽሑፍ ጥያቄሽ ከደረሳቸው ቀን ጀምሮ 90 ቀን፣ ከፊርማሽ ጀምሮ ደግሞ 60 ቀን። ሁለቱም ሳያልፍ ማለቅ አለበት። ወረቀቱን «ባለቤቴን ላማክር» ብለሽ ቦርሳ ውስጥ ብታስቀምጪው 60ው መቁጠር አይጀምርም። (ከፖቶማክ ማዶ ቨርጂኒያ ያላችሁ አንባቢዎች፣ የናንተ ቆጠራ ሌላ ነው፤ ጥያቄው ከደረሰበት ጀምሮ 65 የሥራ ቀን ነው።)

«አያስፈልገውም» ካሉሽስ? እሱንም በጽሑፍ፣ ከነምክንያቱ ሊሰጡሽ ግዴታ አለባቸው። በቃል ተነግሮሽ እንዳትወጪ። ያንን ወረቀት ይዘሽ መከራከር ትችያለሽ። የግል ትምህርት ቤት ወላጅ ብዙ ነገር ላይ መብቱ ከመንግሥት ትምህርት ቤት ወላጅ ያንሳል፤ ምዘናን በተመለከተ ግን ጉዳዩን በገለልተኛ ዳኛ ፊት እስከ ማቅረብ ድረስ መብትሽ ሙሉ ነው።

አሁን ስለ አማርኛው ላውራ፤ እዚህ ላይ አስተማሪዋ አናዳኛለች። ሁለት ቋንቋ መናገር የማንበብ ችግር አይፈጥርም። አማርኛችሁን አውሩ። ከአያቱ ጋር በምን ሊያወራ ነው? ሕጉም እዚህ ላይ ግልጽ ነው። ልጅ እንግሊዝኛ ስለማይችል ብቻ ችግር አለበት ተብሎ አይፈረጅም። በዚያው ልክ «መጀመሪያ እንግሊዝኛውን ይጨርስ፣ ከዚያ እንመዝነዋለን» ብሎ ማዘግየትም አይፈቀድም። ምዘናው ደግሞ ልጁ ያለውን በትክክል ሊያሳይ በሚችል ቋንቋ መደረግ አለበት።

ግን አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ቅዳሜ ወይ እሑድ ፊደል ታስተምሪዋለሽ? ከሆነ እስቲ ይሄን አስተውዪ። «ሀ ሁ ሂ ሃ» እያለ እንደ ዘፈን ይወርደዋል? ብዙ ልጅ ይወርደዋል፤ ዜማ ነው። አሁን መሀል ላይ ያለችውን «ሚ»ን በጣትሽ ጠቁሚና «ይቺ ማን ናት?» በይው። ከ«መ» ጀምሮ «መ፣ ሙ፣ ሚ» እያለ በጣቱ እየቆጠረ ነው የሚደርስባት? ስድስት ወር ተምሮም እንደዚያው ነው? እኛ ስንማር እንዲህ የሚያደርግ ልጅ የኔታ ጋ አለንጋ ነበር የሚጠብቀው። እዚህ ግን ይሄ ወርቅ የሆነ መረጃ ነው። ልጁ በእንግሊዝኛ ብቻ ከሆነ የሚቸገረው የቋንቋ ነገር ሊሆን ይችላል። በሁለቱም ፊደል ከተቸገረ ግን መዛኟ ሌላ ነገር ታስባለች። ችግሩ እሷ ፊደላችንን አታውቅም። አንቺ ካልነገርሻት ማንም አይነግራትም። እንዲሁም አፉን የፈታው መቼ ነው? በአማርኛ ተረት ሲነገረው ይከተላል? የቃላት መጀመሪያና መጨረሻ ያምታታል? አባቱ ወይ አጎቱ በልጅነቱ ማንበብ ይቸግረው ነበር? እንዲህ ዓይነት ነገር በቤተሰብ ይሄዳልና ይጠይቁሻል። እንዳትሸሽጊ።

ምዘናው ራሱ አንድ ፈተና አይደለም። በአንድ ፈተና ብቻ መወሰን አይችሉም። ሳይኮሎጂስቷ ታየዋለች፣ የትምህርት ባለሙያ ታየዋለች፣ ከንግግሩ ጋር የተያያዘ ነገር ካለ የንግግር ባለሙያ ትገባለች። አንድ ሰው ትምህርት ቤቱ ሄዶ ክፍል ውስጥ ተቀምጦ ያየዋል። አስተማሪዋም አንቺም ፎርም ትሞላላችሁ። ከልጁ ጋር የሚሠሩት ጨዋታ የሚመስል ነው። ብሎክ እየገጣጠመ ሥዕል ይሠራል። «ካውቦይ በል። አሁን ካው የሚለውን ትተህ በል» ይሉታል። ለኛ ቀላል ነው። ድምፅ መነጣጠል የሚቸግረው ልጅ ግን ጣራ ጣራ ያያል፣ ከዚያ የመጣለትን ይላል። ያቺ ጣራ ማየት ነች የምትመዘገበው።

እና እባክሽ አታስጠኚው። አንድ አባት ፈተና አለበት ብሎ ልጁን እስከ እኩለ ሌሊት ሲያስጠናው አምሽቶ፣ ልጁ ጠዋት ጠረጴዛው ላይ ተኝቶ ተመልሷል። ቀኑ ለሌላ ጊዜ ተቀየረ። እንቅልፉን ይተኛ፣ ቁርሱን ይብላ፣ መነጽር ካለው አይርሳ። «ማንበብ ለምን እንደሚያስቸግርህ ለማወቅ አብረውህ የሚሠሩ ሰዎች ናቸው» በይው፣ በቃ።

ወደ ባለቤትሽ ልምጣ። እሱን ለመውቀስ አልቸኩልም፤ ምክንያቱም ያንን ፍርሃት የፈጠርነው እኛ አስተርጓሚዎችም ነን። ሥራውን በጀመርኩ ሰሞን አንድ ስብሰባ ላይ ሳይኮሎጂስቷ «ስፔሲፊክ ለርኒንግ ዲስኣቢሊቲ» አለች። እኔ ቶሎ ብዬ «አካል ጉዳት» አልኩ። አባትየው ብድግ አለ። «ልጄ እጁም እግሩም ደህና ነው!» ብሎ ካፖርቱን አነሳ። ስብሰባው እዚያው ቆመ። ቃሉ በአማርኛ ሌላ ሥዕል ነው የሚያመጣው፤ ክራንች፣ ዊልቸር፣ ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ የተቀመጠ ሰው። ከዚያ ቀን ወዲህ «የተለየ የመማር ችግር» ነው የምለው፣ እንግሊዝኛውንም አብሬ እጠራለሁ። ሕጉ እንዲህ ያሉ 13 ዓይነት መደቦች ይዘረዝራል። መደቡ በሽታ አይደለም፤ በር መክፈቻ ቁልፍ ነው። ማንበብ ላይ ብቻ የሚታየው ችግር፣ ዲስሌክሲያ የሚሉትም፣ ከነዚህ ውስጥ በዚሁ በተለየ የመማር ችግር ሥር ነው የሚገባው። አብሮት ደግሞ ሂሳብ የሚያንበለብል ጭንቅላት ሊኖር ይችላል፣ እንዳንቺ ልጅ።

ሌላም ንገሪው። ለምዘና መፈረም ለአገልግሎት መፈረም አይደለም። ሁለቱ የተለያየ ወረቀት ነው። የተመዘነውን ሰምታችሁ «አንፈልግም» ማለት ትችላላችሁ። እንዲያውም የግል ትምህርት ቤት ልጅ ወላጅ እምቢ ካለ ካውንቲው በግድ ልመዝን ብሎ ሊከስ አይችልም። ውጤቱም በሕግ የተጠበቀ መዝገብ ነው፣ ዕድር ላይ አይነበብም። ሞንጎመሪ ለፕሪንስ ጆርጅስ እንኳ የልጁን መረጃ ለመስጠት ያንቺን ወይ የባለቤትሽን የጽሑፍ ፈቃድ ይፈልጋል። «ሲያድግ ይተወዋል» የሚለውን ግን አልስማማበትም። የማንበብ ችግር ከሆነ በራሱ አይለቅም። ልጁ ሲያድግ የሚማረው መደበቅን ነው። ታመምኩ ማለት፣ ማስቀለድ፣ ጎረቤቱን መገልበጥ። ይሄን ባለቤትሽም ከልጅነት ጓደኞቹ መሀል አንዱን ካሰበ ያውቀዋል።

ምዘናው አልቆ ብቁ ነው ቢሉስ? አሁን የማይጣፍጠውን ልንገርሽ። ከሌላ ሰው ከምትሰሚው ከኔ ስሚው። የመመዘን መብት ሙሉ ነው፤ የአገልግሎቱ ግን አይደለም። ልጁ እዚያው የግል ትምህርት ቤት ከቀጠለ፣ የመንግሥት ትምህርት ቤት ልጅ የሚያገኘውን ሁሉ የማግኘት የግል መብት የለውም። ካውንቲው ከፌዴራል ከሚያገኘው የልዩ ትምህርት ገንዘብ ላይ በግል ትምህርት ቤት ላሉ ልጆች በቁጥራቸው መጠን የተወሰነ ድርሻ ይለያል። በዚያ ድርሻ የትኛው አገልግሎት፣ የት፣ ለማን እንደሚሰጥ ከግል ትምህርት ቤቶች ተወካዮችና ከወላጅ ተወካዮች ጋር መክሮ ይወስናል። የመጨረሻውን ቃል የሚናገረው ግን ካውንቲው ነው። ለልጅሽ ከደረሰው «ሰርቪስ ፕላን» የሚባል ወረቀት ይጻፍለታል። በሳምንት የተወሰነ ጊዜ ሊሆን ይችላል። ጭራሽ ላይደርሰውም ይችላል።

ወደ መንግሥት ትምህርት ቤት ከገባ ግን ሌላ ዓለም ነው። እዚያ አይኢፒ ይጻፍለታል፤ ሙሉ ዕቅድ፣ ከነግቡ፣ ከነሰዓቱ፣ በነፃ። ያንን የማቅረብ ኃላፊነት ደግሞ የሞንጎመሪ አይደለም። የምትኖሩበት የፕሪንስ ጆርጅስ ነው። ያቺ «የኛ ተማሪ አይደለም» ያለችሽ ጸሐፊ ያኔ ነው «እንኳን ደህና መጣሽ» የምትልሽ። ለማዛወር እያሰብሽ ከሆነ ይሄንኑ በጽሑፍ ንገሪያቸውና ምን ሊያቀርቡለት እንደሚችሉ ጠይቂ። ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጠሽ ከባለቤትሽ ጋር ተማከሩ።

የኔን ሐሳብ ከጠየቅሽኝ፣ ዩኒፎርሙና ጸሎቱ ደስ እንደሚልሽ ይገባኛል፤ እኔም ሁለት ልጆቼን በዚያው መንገድ ነው ያሳደግኩት። ግን ማንበብ ያቃተውን ልጅ የሚያስነብበው ለዚያ የሠለጠነ ሰው ነው። አሁን ያለበት ትምህርት ቤት እንዲህ ያለ ሰው ካለው እሰየው፣ ይቆይ። ከሌለው እስከ አምስተኛ ክፍል «እናየዋለን» እያላችሁ እንዳትከርሙ። መወሰን ቢከብዳችሁ እንኳ የምዘናውን ሪፖርት ይዛችሁ ርዕሰ መምህሯን አነጋግሩ። ፈተና ላይ ተጨማሪ ጊዜ፣ ጥያቄው ጮክ ተብሎ ቢነበብለት፣ ክፍል ውስጥ ሳይዘጋጅ ድንገት «ተነስና አንብብ» ባይባል። ይሄ ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም። በተለይ የመጨረሻው ለሆድ ሕመሙ መድኃኒት ነው።

በውጤቱ ካልተስማማሽ ደግሞ፣ ለምሳሌ «ምንም የለውም» ብለው አንቺ ካላመንሽ፣ በካውንቲው ወጪ ገለልተኛ ባለሙያ እንዲመዝነው መጠየቅ ትችያለሽ። ካውንቲው ወይ ይከፍላል፣ ወይ የራሱ ምዘና ልክ መሆኑን ዳኛ ፊት ቀርቦ ያስረዳል። ያኔ የሁለት ወር ኪራይ ከፍለሽ ልታደርጊ የነበረውን ያለ ክፍያ ልታገኚው ትችያለሽ። ለዚህ ነው በግል ለማስመዘን አትቸኩዪ የምለው። ብታስመዝኚውም ካውንቲው ያንን ሪፖርት ማየትና ማገናዘብ አለበት እንጂ ያለውን ሁሉ የመቀበል ግዴታ የለበትም።

ብቻሽን ከከበደሽ «ፓረንትስ ፕሌስ ኦቭ ሜሪላንድ» የሚባል ድርጅት አለ። ሥራው የልዩ ፍላጎት ልጆች ወላጆችን በነፃ መርዳት ነው። ደብዳቤሽን ሳትልኪ በፊት አይተው ያርሙልሻል ብዬ ቃል ባልገባም፣ ጥያቄሽን የሚሰማ ሰው ታገኛለሽ።

ውጤቱ የሚነገርበት ስብሰባ ላይ ባለቤትሽ ይምጣ። ሥራ ካልለቀቁት በስልክም ቢሆን ይግባ። ሜሪላንድ ውስጥ ውይይት የሚደረግባቸውን ወረቀቶች ከስብሰባው 5 የሥራ ቀን በፊት ሊሰጡሽ ይገባል። ሲደርስሽ ቁጥሩን ሁሉ ለመረዳት አትልፊ። መጨረሻ ላይ ያለውን ማጠቃለያ አንብቢና ያልገባሽን በእስክሪብቶ አክብቢ። ስብሰባው ላይ «ይሄ ምን ማለት ነው?» ለማለት አትፈሪ። ሦስቴ ብትጠይቂም አይቆጡሽም።

ማን ያውቃል፣ ያን ቀን አስተርጓሚ ሆኜ የምቀመጠው እኔ ልሆን እችላለሁ። እዚያ ክፍል ውስጥ ግን የተባለውን ከማስተላለፍ ውጭ አንዲት ቃል ልመክርሽ አይፈቀድልኝም፤ ዓይንሽን እያየሁ ምላሴን ነክሼ ነው የምቀመጠው። ስለዚህ ያለኝን ሁሉ ከአሁኑ ነግሬሻለሁ። ኢሜይሉን ከላክሽ በኋላ ቀኑን ፍሪጅሽ ላይ ለጥፊው።